ቆላ የሌላት ዓለም

ዓለም መፍጠር እንደምታስቡት ከባድ አይደለም። ሞክሬው ነው የምላችሁ። የሚከብደው የፈጠሩትን ዓለም ለእናት ማስረዳት ነው። በተለይ እናትየው እንደ እኔ እናት ይጁቤ አካባቢ የምትኖር፣ ስድስት ወልዳ ሁለት ያሳደገች፣ ዕድሜዋን ሙሉ ከአፈርና ከዝናብ ጋር ስትከራከር የኖረች ገበሬ ከሆነች፣ አገር ስትፈጥሩላት "ጥሩ ነው" ብላ አታልፋችሁም። ውሃው ከየት ይቀዳል፣ ማገዶው የት ነው፣ ካህኑ ማን ነው ትላለች። እግዚአብሔር ዓለምን ሲፈጥር እናቴ አጠገቡ አልነበረችም፤ በስድስት ቀን የጨረሰው ለዚህ ይመስለኛል።

እኔ ደብረ ማርቆስ ከሚገኙት ትምህርት ቤቶች በአንዱ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ወንዝ ከደጋ ወደ ቆላ እንደሚወርድ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አስተምሬያለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ዓለም ቢፈጥር ቢያንስ ወንዝ አይጠፋበትም ብላችሁ ትገምቱ ይሆናል። ተሳስታችኋል፤ ግን ቆዩ፣ እዚያም እንደርሳለን።

ነገሩ የጀመረው በወንድሜ ነው። ይበልጣል ይባላል፣ ታናሼ ነው። አባታችን ሲሞት ሁለታችንም ተማሪዎች ስለነበርን አንዳችን እርፍ መጨበጥ ነበረብን። ትልቁ እኔ ነኝና እርፉ የሚገባው ለእኔ ነበር። ይበልጣል ግን "አያ፣ አንተ እርሻ ላይ አታምርም፤ በሬዎቹ ይታዘቡሃል" ብሎ የራሱን ደብተር ሰቀለ። ስለ በሬዎቹ የተናገረው እውነት ነው። እኔ ያወጣሁትን ትልም ያየ ሰው፣ እባብ ሰክሮ ያለፈበት ነበር የሚመስለው። እሱ አረሰ፣ እኔ ተማርሁ። ከዓመታት በኋላ ከጥማዱ አንዱ በሬ ሞተበትና ምትኩን ለመግዛት፣ እንደ ብዙው የአገራችን ጎልማሳ፣ በሐምሌ ወር ሰሊጥ ሊያርም ወደ መተማ ወረደ። በጥቅምት ወር አብሮት ይሠራ የነበረ አንድ የጉንደ ወይን ሰው ትምህርት ቤታችን በር ላይ ጠበቀኝ። ይበልጣል በመስከረም ወር በወባ ሞቷል።

ሰውየው የሚያውቀውን ሁሉ ነገረኝና "እናታችሁን አላውቃትም፤ መርዶውን አንተ አድርስ" ብሎኝ ወደ አገሩ ሄደ።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ የነፍስ አባት ይጠራል፣ ጎሕ ሲቀድ ጎረቤት በአጥሩ ዙሪያ ይቆማል፣ ከዚያ በሩ ይንኳኳል። ሥርዓቱ የተሟላ ነው፤ የሐዘንተኛዋ ጉልበት ሲከዳት የሚደግፋት ሰው እንኳ አስቀድሞ ይመደባል። የሚጎድለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለሽማግሌዎቹ ሄዶ የሚነግር። ያ ሰው እኔ ነበርሁ።

ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍሬ ይጁቤ ሄድሁ። በቀጥታ ወደ ነፍስ አባታችን ወደ አባ ይትባረክ ቤት ልሄድ ለራሴ ምዬ ነበር። ገበያው መካከል እናቴ ቀድማ አየችኝ።

"ምነው ልጄ፣ ከሳህሳ?" አለችኝ አገላብጣ ስማኝ። "ይበልጣል ደወለልህ ወይ?"

"አዎ፣ ደህና ነው" አልኋት።

እንዴት እንዳመለጠኝ አላውቅም። አፌ ከእኔ ጋር ሳይመካከር የተናገረው ነው። አሞሌ ጨውና ሳሙና ገዝቼላት፣ አባ ይትባረክን ሳላይ፣ በመጣሁበት ሚኒባስ ተመለስሁ። መንገዱን ሙሉ ራሴን አጽናናሁ፤ በገበያ ቀን መርዶ አይነገርም። በሚቀጥለው ጊዜ የጽዮን ማርያም ዋዜማ ሆነ፣ እናቴ ማኅበር ልታወጣ ጠላ ጠምቃለች፣ በበዓሏ እንዴት አስለቅሳታለሁ? ከዚያ ጤፉ ይታጨድ አልሁ፤ ሐዘን ከተቀመጠች ማን ይሰበስባል? ከዚያ ገና መጣ፣ ከዚያ ጥምቀት፣ ከዚያ ዐቢይ ጾም። በየወሩ ደግሞ ሥላሴ አለ፣ ሚካኤል አለ፣ መድኃኔ ዓለም አለ። ፈሪ ሰው ቀን መቁጠሪያ ሲያነብ፣ በዓል ያልሆነ ቀን አያገኝም።

መሃል ላይ፣ በታኅሣሥ፣ መተማ የወረዱት የሰፈራችን ሰዎች ተመለሱ። የሠሩት ሌላ እርሻ ላይ ስለነበር ስለ ይበልጣል የሰሙት ነገር አልነበረም። እናቴ ግን ያዘችኝ።

"ሁሉም ገባ። የእኔው የት ቀረ?"

"ሌላ አገር የተሻለ ሥራ አገኘ።"

"የት አገር?"

"ደጋምድር" አልኋት። እንዲህ የሚባል አገር ካለ የአገሩን ሰዎች ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እናቴ ስሙን ሁለት ጊዜ ለራሷ ደገመችው። "ደጋ ከሆነስ ይሁን። ወባ የለበትም" አለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"ታዲያ ምነው ለአንተ ብቻ ይደውላል? ለጎረቤታችን ለገደፋው አይደውልም? ገደፋው ሞባይል አለው።"

"አልፎ አልፎ ከከተማ ነው የሚደውለው። ያለበት ቦታ ኔትወርክ የለም።"

ይህን ቃል የሚጠራጠር ሰው አገራችን ውስጥ ገና አልተወለደም። እናቴም አመነች። ማመኗ ግን ጥያቄ አላቆመም። በሄድሁ ቁጥር አንድ አንድ ትጨምራለች። አፈሩ ጥቁር ነው ወይስ ቀይ? ወንዙ ከቤቱ ይርቃል? እኔም እመልሳለሁ። ውሃ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ያን ጊዜ ገባኝ። አንድ ቀን ወንዙ ከቤቱ በስተ ምሥራቅ ነው አልኋትና በወሩ በስተ ምዕራብ አደረግሁት። "ባለፈው ፀሐይ መውጫ ላይ ነው አላልኸኝም?" አለችኝ። "ሁለት ወንዝ አለው" አልሁ። "ኧረግ፣ ታድሎ!" አለች። እውነት የሚናገር ሰው ምንም ማስታወስ አይጠበቅበትም። እኔ ግን ማስታወሻ ደብተር አስፈለገኝ።

ደብተሩን ያመጣልኝ የኮምፒውተር መምህራችን አንተነህ ነው። አንተነህ አዲስ ነገር ሲያገኝ ምሳውን የሚረሳ ሰው ነው። አንድ ቀን በፍላሽ አንድ ፕሮግራም ይዞ መጣ። ፕላኔት መፍጠሪያ ነው፤ ተራራ ትስላለህ፣ ባሕር ትሞላለህ፣ ሙቀትና ዝናቡን ትወስናለህ፣ ስትጨርስ ኢንተርኔት ላይ ታትመዋለህ፣ ከየአገሩ ዓለም የሚፈጥሩ ሰዎች መጥተው ያዩልሃል። "ለጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ማስተማሪያ ይሆንሃል" አለኝ። እኔ የታየኝ ሌላ ነበር። ለእናቴ የነገርኋትን ሁሉ አንድ ቦታ አሰፍርበታለሁ።

ከትምህርት በኋላ ኮምፒውተር ክፍል እየተቀመጥሁ መፍጠር ጀመርሁ። መጀመሪያ ያደረግሁት ቆላን ማጥፋት ነው። ፕሮግራሙ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ የሚያደርግ መዘውር ነገር አለው። ወደ ላይ እስከ ጥጉ ገፋሁት። ቆላ የለም፣ ትንኝ የለም፣ ሰሊጥም የለም። ሰሊጥ የሚበላ ሰው ካለ ከሌላ ፕላኔት ያስመጣ። ፕላኔቷ ከዳር እስከ ዳር ብርድ ብርድ አላት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሥልጣን ተሰምቶኝ አያውቅም።

ቀጥዬ ወንዞቹን ለቀቅኋቸው። ወንዞቹ የሚወርዱበት አጡ። ቆላ የለማ! ከተራራ ተራራ ሲላጉ ቆይተው ሜዳ ሜዳውን ይሞሉት ጀመር። በሦስተኛው ቀን የወንድሜ ማሳ ሐይቅ ሆነ፣ በአራተኛው ቤቱ ሰጠመ። አሥራ አራት ዓመት ያስተማርሁትን ያን ጊዜ ተማርሁት። ማሳውን ለማትረፍ የግዴን በፕላኔቷ ጀርባ፣ ከሰው ዓይን የራቀ ቦታ፣ አንድ ጥልቅ ቆላ ቆፈርሁና ውሃውን ሁሉ ወደዚያ ሰደድሁት። ዙሪያውን አጠርሁት፤ "ሰው እንዳይገባ" ብዬም በቀይ ጻፍሁበት። እንደ እኔ ያለ ፈጣሪ ቢበዛ ዓለም አጥር ብቻ ትሆን ነበር።

ከዚያ የእናቴን ትእዛዝ ማስገባት ሆነ። ቤተ ክርስቲያን አለ ብያት ነበር። ፕሮግራሙ ቤተ ክርስቲያን የሚባል ነገር አያውቅም፤ ያለው የንጉሥ ግንብ፣ የዘንዶ መቅደስና የጠንቋይ ቤት ነው። የጠንቋዩ ቤት ክብ ስለነበረ ከእኛ አገር ቤተ ክርስቲያን ጋር ይቀራረባል ብዬ ወሰድሁት፤ ጠንቋዩን ከነድመቱ አስወጣሁት፣ አናቱ ላይ መስቀል ሳልሁበት። ፕሮግራሙ በሬም የለውም። ፈረስ፣ ግመል፣ ባለ ክንፍ አንበሳ አለ፤ በሬ ግን የለም። ሁለት ጎሾች አምጥቼ ቀንበር ጫንሁባቸው። አንተነህ ከኋላዬ ቆሞ ሲያይ "መምህር፣ ይኼ አውሬ እኮ ነው" አለኝ። "ይለምዳል" አልሁት።

ስቄበት ነው የማወራችሁ፤ ያኔም እስቅ ነበር። ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። ኮምፒውተሩ ፊት ስቀመጥ ደስ ይለኝ ነበር። እዚያች ዓለም ላይ ወንድሜ አልሞተም። ጥማዱ ሙሉ ነው፣ ዝናቡ በጊዜው ይመጣል፣ እኔ እስካልሳትሁ ድረስ ምንም አይደርስበትም። አንድ ቀን ከማሳው ዳር የጥላ ዛፍ ለመትከል ሦስት ሰዓት ፈጀሁ። ቤቴ ገብቼ አለቀስሁ፣ በማግሥቱ ሌላ ዛፍ ተከልሁ።

ዓለሟ ስታልቅ አንተነህ ለማተም ቅጽ አስሞላኝ። የፕላኔቷ ስም? ደጋምድር። ቋንቋ? አማርኛ። ጠላት? የለም። ነዋሪ? የይበልጣልን ስም ከነአባቱ ጻፍሁ። አንተነህ "ሌላስ?" አለኝ። ሌላ ማንን እንደምጽፍ አላወቅሁም፤ እዚያ ሰው የሚጨምር ደግሞ የሚሞት ሰው እንደሚጨምር ታውቃላችሁ። "በቃ" አልሁት። ታተመ። በሳምንቱ አንድ የማላውቀው ፈረንጅ አስተያየት ጻፈልኝ። ጦርነት የለ፣ ጭራቅ የለ፣ ይህ ሰውዬ ምን ይሠራል? ይላል። "ያርሳል" ብዬ መለስሁለት። ከዚያስ? አለ። "ያርማል" አልሁት። ተመልሶ አልጻፈም።

በግንቦት የወላጆች በዓል ደረሰ። አንተነህ እኔን ሳይጠይቅ፣ ለእኔው ክብር ብሎ፣ የደጋምድርን ካርታ በትልቅ ወረቀት አሳትሞ መግቢያው ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ከሥሩ "በመምህራችን ተዘጋጅቶ በዓለም አቀፍ ድረ ገጽ የወጣ" ይላል። ልጃቸውን ለማየት ከመጡት ወላጆች መካከል ደግሞ የእናቴ ጎረቤት ገደፋው ነበር፤ ያ ባለ ሞባይሉ። ገደፋው ፊደል ይቆጥራል። ካርታው ፊት ቆሞ አነበበ፤ ደጋምድር፣ ነዋሪ ይበልጣል፣ ከነአባቱ ስም። ስለ ደጋምድር ከታኅሣሥ ጀምሮ ከእናቴ አፍ ሲሰማ ነው የከረመው። አሁን በዓይኑ አየ። ለዚያውም ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ሞኙ እኔ ብሆንም ወረቀቱን ይዞ የሄደው ገደፋው ነው። ይጁቤ ሲገባ ወሬው እንዲህ ሆኗል፤ ይበልጣል ሰው ሆኗል፣ ስሙ ካርታ ላይ ወጥቷል፣ አገሩን በሙሉ የያዘው ብቻውን ነው።

ሰኞ ጠዋት ዘበኛችን ከክፍል ጠራኝ። እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። በሶ፣ ዳቦ ቆሎና በርበሬ በስልቻ አዝላለች።

"ለገደፋው አሳይተህ ለእኔ ትደብቃለህ?" አለችኝ። ተቆጥታ አልነበረም፤ ዓይኗ ይስቅ ነበር። "በል አሳየኝ። ስንቁንም በምን እንደምንልክለት ንገረኝ።"

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ያን ጊዜ "እምዬ፣ ቁጭ በይ" ብዬ ሰው መጥራት ነበረብኝ። እኔ ግን ኮምፒውተር ክፍል ወሰድኋት። ባዶ ወንበር ላይ አስቀመጥኋት፣ ደጋምድርን ከፈትሁላት። ስልቻዋን እንዳዘለች ጎንበስ ብላ አየች።

"ይኼ ነው ቤቱ?"

"አዎ።"

"ይኼስ?"

"ቤተ ክርስቲያኑ።"

ተሳለመችው። የጠንቋይ ቤት ነበረ አልኋችሁ አይደል? እናቴ ግንባሯን ዝቅ አድርጋ፣ አማትባ፣ ተሳለመችው። ጎሾቹን አየች፣ ቀንዳቸው እንደማያምር ተናገረች፣ ዛፎቹን ግን ወደደች። ከዚያ ዓይኗ በካርታው ላይ ወዲያና ወዲህ ይፈልግ ጀመር።

"ሌላው ሰው የታለ?"

"ሌላ ሰው የለም።"

"ጎረቤት የለውም?"

"የለውም።"

"ታዲያ በደቦ ማን ያርስለታል? በዓል ከማን ጋር ያከብራል?" አየችኝ። ዓይኗ መሳቁን ትቷል። "ሲታመም ውሃ የሚያቀብለው ማን ነው?"

ወራት ሙሉ ለጠየቀችኝ ሁሉ መልስ ነበረኝ፤ ለዚህ ግን አጣሁ። "እምዬ፣ ይበልጣል ሞቷል" አልኋት። ጎሕ ሳይቀድ፣ ሽማግሌ ሳይቆም፣ ከኋላዋ የሚደግፋት ሰው ሳይኖር፣ በሰኞ ረፋድ፣ በፕላስቲክ ወንበር ላይ።

አልጮኸችም። ስልቻዋን ከጀርባዋ አውርዳ መሬት አስቀመጠች።

"መቼ?"

"በመስከረም።"

በጣቶቿ ቆጠረች። "ስምንት ወር" አለች። "ስምንት ወር ሙሉ በየማለዳው 'ጤናውን ስጠው፣ በሰላም መልሰው' እያልሁ ለምኛለሁ። ስለ ነፍሱ ግን አንድ ሰው አልለመነለትም። ፍትሐት የለ፣ አርባ የለ። ያለ ጸሎት አስቀመጥኸው?"

እኔ እሷን ከሐዘን ያዳንሁ መስሎኝ ነበር። ወንድሜን የበደልሁት ትዝ አላለኝም፤ እውነቴን ነው፣ አንድም ቀን ትዝ አላለኝም። በሕይወት ሳለ እሱ ደብተሩን ሰቀለልኝ፤ ሲሞት እኔ አርባውን እንኳ አላወጣሁለትም። መሬቱ ላይ ተንበርክኬ እግሯን ያዝሁ። "ተነሥ" አለችኝ። "እዚህ አላለቅስም። አገሬ ውሰደኝ።"

ሚኒባሱ ውስጥ ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃ፣ ስልቻውን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ሹፌሩ ሙዚቃ ከፍቶ ነበር፤ በመስታወቱ ሲያያት ዘጋው። መንገዱ ሲጋመስ ወደ እኔ ዞረች።

"ስንት ቀን ታመመ?"

"አራት ቀን።"

"ውሃ ያቀበለው ሰው ነበረ?"

የጉንደ ወይኑ ሰው የነገረኝን እስካሁን ለማንም አልተናገርሁም። ሌሎቹ ጠዋት ለሥራ ሲወጡ ይበልጣልን ከዳሱ ውስጥ ትተውት ይሄዱ ነበር፤ የቀን ሠራተኛ ናቸው፣ ምን ያድርጉ? በአራተኛው ቀን ሲመለሱ አልፎ አገኙት። አጠገቡ የነበረው ጀሪካን ባዶ ነበር።

"ነበረ" አልኋት። "አንድ ደግ ሰው ሥራውን ትቶ አጠገቡ ዋለ። ውሃ ሲያጠጣው፣ ሲያበርድለት ነበር። እጁን እንደያዘው ነው ያረፈው።"

ያኔ አለቀሰች። ትንሽ ቆይታ እንባዋን ጠረገችና "ስሙ ማነው?" አለችኝ።

"ጥጋቡ።"

"ክርስትና ስሙስ? ለጸሎት እፈልገዋለሁ።"

"ወልደ ሚካኤል" አልኋት።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ አገሩ ሁሉ ተሰብስቦ አለቀሰ። አባ ይትባረክ ፍትሐቱን አደረሱ፤ እኔን በኋላ ለብቻዬ ጠርተው ገሠጹኝ፤ ቀኖናዬንም ተቀበልሁ። ደጋምድርን በሳምንቱ ከኢንተርኔት አወረድኋት። ወራት የፈጀችው ዓለም በአንድ ቁልፍ ጠፋች፤ አንተነህ አዘነ፣ እኔም አዘንሁ። ከአፍ የወጣ ግን አፋፍ ነው። ለወልደ ሚካኤል የሚሆን ቁልፍ እስከ ዛሬ አላገኘሁለትም። እናቴ በየማለዳው ይበልጣልን በነፍስ፣ ወልደ ሚካኤልን በሥጋ ታነሣለች፤ ጤናውን ስጠው፣ ከክፉ ሰውረው ትላለች። አንድ ቀን በዚህ ሲያልፍ ይመጣል ብላ ከየበዓሉ ድርሻውን ታስቀምጥለታለች፤ እስኪደርቅ ድረስ ማንም አይነካውም። ባለፈው ፋሲካ "ያ ልጅ ምነው ቀረ?" ብላ ጠየቀችኝ።

ለፍልሰታ ይመጣል አልኋት።